የጋን ዘበኛ

የእህቴ የልጅ ልጅ ብዙአየሁ ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥቶ ጠላ አጠማመቅ ሊያስተምረን ተነሣ። ከጓደኞቹ ጋር በቤታቸው ቢራ ይጠምቃሉ አሉ። ስልኩን አውጥቶ በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ የሚንተከተክ ነገር አሳየን።

«ምስጢሩ ይሄውላችሁ» አለ። «መራራው ቅጠል መጀመሪያ ላይ ብቻ አይደለም የሚገባው። መፍላት ከጀመረ በኋላ ደረቁን እንደገና ይጨምሩበታል። አዲስ ዘዴ ነው።»

እህቴ የሺእመቤት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

«አዲስ ነው?» አለች።

«አዎ እማማ፣ በኛ አገር ገና መምጣቱ ነው።»

እኔ ከመደቡ ተነሥቼ ወጣሁ። ደጅ ቆሜ የጎረቤቱን ግድግዳ አየሁ። የሚታይ ነገር የለውም፤ ግን ከዚያ ልጅ ፊት ይሻላል። በዚህ «አዲስ ዘዴ» ምክንያት ከስድሳ ዓመት በፊት አንድ ሠርግ ፈርሷል፣ አንዲት ሴት ከወንድሟ ቤት ተባርራለች፣ እኔም ማንም ያልነገረኝ ሞኝ ሆኜ አድጌአለሁ። እሱ ደግሞ ገና መምጣቱ ነው ይለኛል።

ያኔ ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። ቤታችን ከመካነ ሰላም በላይ፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። እናቴ የኔአለም በጠላ የታወቀች ናት። የሰንበቴው ተራ ከኛ ቤት ሲደርስ ታመው የተኙት ሳይቀሩ በምርኩዝ ይመጣሉ። እኔም «የየኔአለም ልጅ» ተብዬ በየቤቱ ቆሎ ይዘገንልኛል። የራሴ ሥራ ይመስል እኮራ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ አሰጋሽ እልል እያለች ግቢያችን ገባች። አሰጋሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ድምፅዋ ትልቅ፣ ክንዷ ትልቅ፤ በሩን ጎንበስ ብላ ሳይሆን ገፍታ የምትገባ ሴት።

«የኔአለም፣ ደስ ይበልሽ። ወንድሜ ንጉሡ የሺን ለአያ ዓባይነህ ልጅ ለአስናቀው ሰጠ። በለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት ቃል ወጣ። መንገዱን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ምርቃቱንም ለኔ ነው የምትሰጪኝ።»

እናቴ ገብስ ታበጥር ነበር። ገለባው በኖ፣ ገብሱ ተገልብጦ፣ ሰፌዱ ባዶ ከሆነ በኋላም ማርገብገቧን ቀጠለች። ደስታ እጇን ያዘው ብዬ አሰብኩ። እኔም ደስ ብሎኛል። አያ ዓባይነህ መረሸት የሚሏት ዓይነት ግዙፍ በቅሎ አለቻቸው። ለሽምግልናው ሲመጡ በቅሎዋ ላይ እንደሚያወጡኝ አሰጋሽ ራሷ ቃል ገባችልኝ። ስለ ሠርጉ የማውቀው በቅሎዋን ነው።

እህቴ ያኔ መካነ ሰላም አራተኛ ክፍል ትማራለች። ከሰል ይዛ በግድግዳ ላይ ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ተወችው። ከጥጆቹ ጋር ትቀመጣለች። ሄጄ «ሀ ሁ» ስላት «ሂድ ወዲያ» ትለኛለች። ማግባት እንዲህ ያኮራል እንዴ ብዬ ተናደድኩባት።

ማታውን እራት ስንበላ እናቴ አባቴን «ልጅቷ ገና ናት» አለችው።

«አንቺ በስንትሽ መጣሽ?»

«እኔ የመጣሁት ወደ አንቱ ነው። ወደዚያ ቤት አይደለም።»

አባቴ ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ ቆየ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሰው ፊት የሚፈራ ሰው ነበር።

«ቃል ወጥቷል፣ የኔአለም። ስንት ሰው ሰምቶ ንጉሡ ቃሉን በላ እንዲባል ነው? እነሱ ቢተዉት እኔ ምን አገባኝ። ግን አይተዉትም።»

«ቢተዉትስ?»

«ቢተዉትማ ቃል ያጠፉት እነሱ ናቸው። ልጄ ቤቷ ትቀመጣለች። ምን አስመኘሽ? አይተዉትም አልኩሽ።»

እኔ የሰማሁት «አይተዉትም» የሚለውን ነው። በቅሎዋ መምጣቷ ነው።

በማግስቱ እናቴ ጋን አጠበች።

ስለ አያ ዓባይነህ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጠላ ሳይቀምሱ ሙሽራ አያዩም ይባላል። «ሴት በጋኗ ትታወቃለች» የሚሉት ነገር አላቸው፤ በደረሱበት ሁሉ ይሉታል። ለታላቁ ልጃቸው ሊያጩ ከሄዱበት ቤት ጠላው ቀጠነ ብለው ዋንጫውን አስቀምጠው ወጥተዋል። ይህን አገር ያውቃል። እናቴም ታውቃለች። አባቴም ያውቅ ነበር፤ ግን በሚስቱ ጋን ይተማመናል። እንግዲህ ጋኑን ወይራ ስታጥነው፣ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ብቅል ስትፈጭ፣ እንኩሮ ስታነኩር የሚያያት ሰው፣ እንደ ሁልጊዜዋ ለስሟ የምትለፋ ሴት እንጂ ሌላ አያይም። ጥንስሱ ተጠነሰሰ። ቂጣው ተቆርሶ ገባ። ድፍድፉ ቤቱን ሁሉ አሸተተው። እኔ ሽታውን ስስብ ውዬ ራሴን አመመኝ።

አሰጋሽ መጥታ ጣቷን ነክራ ላሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

«እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። አያ ዓባይነህ በዚህ ጋን ላይ ሙጭጭ ይላሉ እንጂ አይነሡም። በይ ምረጊው። እስኪቀዳ ድረስ ሰው እንዳይከፍተው፣ ይበላሻል።»

ውሃው ገባበት፤ የጋኑም አፍ በጭቃ ተመረገ። አሰጋሽ ከወጣች በኋላ እናቴ ተንበርክካ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«የኋላሸት፣ ይህን ጋን አንተ ትጠብቃለህ። ማንም እንዳይነካው።»

«ማንም ማን?»

«ማንም።»

«አክስቴም?»

«ከማንም በፊት አክስትህ። ደጋግማ ልቅመስ ትላለች። እምቢ በላት።»

አባቴ ከውጭ ሰምቶ ሳቀ። «የጋን መብራት ሰምተን ነበር፤ የጋን ዘበኛ ግን ዛሬ አየን» አለ። ስሙ ተለጥፎብኝ ቀረ። አሁንም መካነ ሰላም ገበያ ላይ «እንዴት ዋልክ ዘበኛ?» የሚለኝ አንድ ሽማግሌ አለ። ከየት እንደመጣ ረስቶታል። ደግ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ወደ ራሕማ ቤት ይዛኝ ሄደች። ራሕማ ከአጥራችን ማዶ ያለች እስላም ጎረቤታችን ናት። ጌሾዋ ከጓሮዋ ሞልቶ ወደኛ ይዘነበላል። እሷ ጠላ በአፏ አልዞረም፤ ለድግሷ ጌሾ ያልነካው ቀሪቦ ነው የምትጠምቀው። የሰፈሩ ክርስቲያን ግን የሚሰክረው በሷ ጓሮ ነው። እየዘነጠፈች ትሰጠናለች፤ እኛ ጎመን እንሰጣታለን።

«ደግሞ ጌሾ?» አለች ራሕማ። «ሰሞኑን እቅፍሽን ሞልተሽ ወስደሽ የለ?»

«አልበቃኝም።»

«ጋንሽ ስንት ነው?»

«አንድ።»

ራሕማ እናቴን አየቻት። ከዚያ ወደ ቆጡ ተንጠራርታ ያምና ጌሾ አወረደች። ቅጠሉ ከነእንጨቱ ታስሮ ደርቋል፤ ሲነካ ይንኮሻኮሻል።

«ይሄ የከረመው ነው። እየፈላ ያለ ድፍድፍ ላይ ደረቁ ከተጨመረ ጉሮሮ ይዘጋል ይላሉ። እኔ እንኳ አልቀመስኩት።»

«ሳትቀምሺው እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ጅብስ በልቶኝ ነው እንዴ የምፈራው?»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ቶሎም ተዉት። ራሕማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለልጅቷ ነው?» አለች።

«ለልጅቷ ነው።»

«እንግዲያማ አላህ ያግዝሽ። ይሄንንም ጨምሪ፤ አብሽሪ» ብላ ሁለተኛውን እስር በላዩ ጣለችላት።

የሠርግ ስጦታ ሰጠች ብዬ በልቤ መረቅኋት። ራሕማን ደግ ናት ማለቴ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ሌላውን ሁሉ ነው።

ጥበቃ ጀመርኩ። በርጩማዬን ከጋኑ ሥር አድርጌ፣ የአባቴን የከብት ጅራፍ ይዤ እውላለሁ። ዶሮ አባርራለሁ። ድመት አባርራለሁ። አሰጋሽ በየቀኑ ትመጣለች።

«እስቲ ጆሮዬን ላስጠጋው፣ መፍላቱን ልስማ።»

«አይቻልም።»

«አንተ ጥርሰ ወላቃ፣ ይሄ ጋን የአባቴ ጋን ነው እኮ። አንተ ሳትወለድ እዚህ ውስጥ ተደብቄ ድብብቆሽ ተጫውቻለሁ።»

«እናቴ አይቻልም ብላለች።»

«እናትህ?» ትልና ወደ ጓዳው ታያለች። «ምን አስፈራት እናትህን?»

ጎበዝ ዘበኛ ነበርኩ። እናቴ «ሂድ ምሳህን ብላ፣ እኔ እቆምልሃለሁ» ካላለችኝ በቀር ከቦታዬ አልንቀሳቀስም። ምሳዬን በልቼ ስመለስ ግን ምርጊቱ እርጥብ ነው። ጠዋት የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ከምሳ በኋላ አዲስ ነው። በነጋታውም እንዲሁ። አውራ ጣቴን ጭቃው ላይ ተጭኜ ምልክት አደረግሁ። ከምሳ ስመለስ የጣቴ ምልክት የለም።

«እማ፣ ጋኑን ሰው ይከፍተዋል።»

«እንዴ? ማን?»

«አሰጋሽ ናታ።»

«መቼ?»

«ምሳ ስበላ።»

«እኔ አልቆምኩም እንዴ?»

«ቆመሻል። አላየሻትም ማለት ነው።»

እናቴ ራሴን ዳበሰችኝ። «እንግዲህ በርትተህ ጠብቅ» አለች። የእናቴ ዓይን ደክሟል ብዬ አዘንኩላት። ለእህቴም ነገርኳት። የሺ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ ቀጥሎ «ምርጊቱ እርጥብ ነው ያልከኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ከጥጆቹ መካከል ተነሣች። በዚያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ታጠበች። ምን እንደሚያስደስታት አልገባኝም። የሰው ጠላ እየተበላሸ ፊት ይታጠባል?

አሁን ሳስበው የምበግነው በዚህ ነው። ሌባ ስጠብቅ የሰነበትኩት በሌባዋ ትእዛዝ ነው። ምሳ ብላ ባለችኝ ቁጥር እጄን ታጥቤ እሄዳለሁ። አመስግኜ።

ከዚያ ያ ቀን ሆነ። እናቴ ውሃ ወርዳለች። አባቴ ከብት ሊያጠጣ ሄዷል። እኔ ሽንቴ ያዘኝ። ዘበኛም ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ ደርሼ ስመለስ፣ አሰጋሽ ምርጊቱን አንሥታ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ጋኑ ውስጥ አስገብታለች። እጇን ስታወጣ ጭብጥ ሙሉ ጌሾ ይዛለች፤ ውሃው በክርኗ ይወርዳል።

«ይዤሻለሁ» አልኳት።

ዞር ብላም አላየችኝ። ጌሾውን አሸተተችው። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ተፋችው።

በዚሁ መሐል እናቴ እንስራዋን አዝላ ገባች። ሮጬ ቀሚሷን ያዝኩ። «ይኸው፣ አላልኩሽም? ጌሾ ስትጨምር ያዝኳት።»

እናቴ እንስራዋን ቀስ ብላ አወረደች።

«የኔአለም» አለች አሰጋሽ። «ይሄ ምንድነው?»

«ጌሾ ነው።»

«ይሄን ያህል? የከረመ ጌሾ? እኔ የቀመስኩት ድፍድፍ ውስጥ ይሄ አልነበረም።»

እናቴ ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደችው። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ዋናው ነገር ፊታቸው ላይ እየተንጠባጠበ ስለ ገበያ ያወራሉ።

«ወግዲ ገበያ ስትወርጂ የአስናቀውን የፊት ሚስት አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«አይቻታለሁ።»

«በየትኛው እጇ ነው የምትሰፍረው?»

አሰጋሽ በእጇ ያለውን ጌሾ አገላበጠች።

«በየትኛው እጇ ነው፣ አሰጋሽ?»

«በግራዋ።»

«ቀኙስ?»

አሰጋሽ ጌሾውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ውሃው መሬቱን አራሰው። የሺ በበሩ በኩል መጥታ ቆማ ነበር። አሰጋሽ አየቻት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ፣ ልክ ገና አሁን እንደተዋወቁ።

«ወድቃ ነው ብለውኛል» አለች አክስቴ። «ከበቅሎ ወድቃ ነው አሉኝ።»

«እኔንም እንደዚያው ብለውኛል። ሁለት ጊዜ ከአንድ በቅሎ ወደቀች እንዴ?»

ከዚያ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ብምል አፌ አይያዝም። አሰጋሽ በእጇ ያለውን ጌሾ መልሳ ጋኑ ውስጥ ከተተችው። መሬት የወደቀችውን አንዲት እንጨት እንኳ ጎንበስ ብላ አነሣችና ጨመረቻት። ጭቃውን በመዳፏ አለስልሳ መረገችው። እናቴ ቆማ ታያለች። አሰጋሽ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወጣች።

«ለምን ዝም አልሻት?» አልኳት እናቴን። ልፈነዳ ደርሻለሁ።

«ታላቅ ናት» አለችኝ።

ይኸው ነው። ታላቅ ናት። ታላቅ የሆነ ሰው የሰው ጋን እንደፈለገ ያበላሻል ማለት ነው። ያን ቀን ቶሎ ማደግ ፈለግሁ።

ቀጠሮው ደረሰ። አያ ዓባይነህ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር መጡ። በቅሎዋ መጣች። እውነትም መረሸት ናት፤ ጆሮዋ ብቻ አንድ ክንድ ይሆናል። ልጓሟን እንድይዝ ሰጡኝና «ከጠላው በኋላ ትወጣባታለህ» አሉኝ።

በቅሎዋን ከዋርካው አስሬ ገባሁ። ጠላው ሲቀዳ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ጉድፍ የሌለው። እናቴ በእንዲህ ያለ መልክ ጠምቃ አታውቅም። አባቴ በኩራት ፂሙን ያሻል። አያ ዓባይነህ መረቁ፣ «ሴት በጋኗ ትታወቃለች» አሉ፣ ዋንጫውን አነሡ፣ እንደ ልማዳቸው በረጅሙ ሳቡት።

ፊታቸው ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ከዚያ አፍንጫቸው፣ ከዚያ አፋቸው። ዋጡት፤ ሽማግሌ አይተፋም። ከጎናቸው ያሉት ሰውዬ ግን ወደ ጋቢያቸው ሳሉ።

«ጠላ ነው ኮሶ?» አሉ። «ተውሳኬ ሳትወጣ አልቀረችም።»

ማንም አልሳቀም። አያ ዓባይነህ ዋንጫውን መሬት አስቀመጡ።

«ንጉሡ፣ ቤትህ የታመመ ሰው አለ?»

«የለም፣ ምነው?»

«እንግዲያስ ይሄ የደህና ሰው እጅ ነው ማለት ነው።» ተነሡ። «ልጅቷ ያደገችው በዚህ ጋን ነው። ነገ የምትጠምቀው የእናቷን ነው። በስተርጅና እሬት ልጠጣ አልችልም።»

«ኧረ አያ ዓባይነህ፣ ቃል ተባብለናል፣ በሰው ፊት...»

«ቃሉን ያጠፍኩት እኔ ነኝ። አንተ አላጠፍክም። ሰዎቹም ይመስክሩ።»

ወጡ። በቅሎዋንም ፈቱ። እኔ ከኋላ ሮጥኩ። ማንም ዘወር ብሎ አላየኝም። አቧራዋን ብቻ በላሁ።

ስመለስ አባቴ ዋንጫውን አንሥቶ ራሱ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ እናቴን አያት፤ ዱላው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነበር፤ እጁ ወደዚያ ሄደ።

«የኔአለም። አንቺ ኖረሽ ኖረሽ እንዲህ ጠምቀሽ አታውቂም። ዛሬን መርጠሽ ነው?»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ንገሪኝ። እያወቅሽ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አሰጋሽ ከጥግ።

አባቴ ዞረ።

«እኔ ነኝ፣ ንጉሡ። ቀጥኖ ታየኝ። አያ ዓባይነህ ቀጭን አይወዱም ብዬ ደረቅ ጌሾ ጨመርኩበት። በዛ መሰለኝ።»

«አንቺ? እየፈላ ባለ ጠላ ላይ?»

«አላመንከኝም? ልጁን ጠይቀው። እጅ ከፍንጅ ይዞኛል።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያን ሁሉ ሰሞን ማንም ያልሰማኝ እኔ፣ በመጨረሻ ተጠየቅሁ። ደረቴ ተነፋ።

«እውነት ነው» አልኩ። «በዓይኔ አይቻለሁ። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ጌሾ ጨመረች። መሬት የወደቀውን ሳይቀር አንሥታ ጨመረች። እማም ነበረች።»

የአባቴ እጅ ዱላውን ለቀቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ነበር፤ አሁን መንገድ አገኘ።

«ከቤቴ ውጪ፣ አሰጋሽ። ያጨሽውን አንቺው አፈረስሽው። ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ።»

አሰጋሽ ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ ብላ ወጣች። በዚያ በር ጎንበስ ብላ ስትወጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በአክስቴ አፍራ ነው አልኩ።

የሺ ትምህርቷን ቀጠለች። ኋላ አቀስታ ከተማ አስተማሪ ሆነች፤ ያገባችውንም ራሷ መርጣ ነው። አሰጋሽን ግን አገሩ «ጌሾዋ» አላት። ሰው ሲደግስ እንጨት ያስለቅሟታል እንጂ ጋን አያስነኳትም። አባቴ እስኪሞት አላናገራትም። እኔም ሳገኛት መንገድ እቀይር ነበር።

በየዓመቱ ለመድኃኔ ዓለም አሰጋሽ በማሰሮ ጠላ ትልክልናለች። አባቴ «ድፉት» ይላል። እናቴ ሳትከራከር ትደፋለች። ማሰሮው ግን ባዶ አይመለስምና፣ አጥባ ገብስ ትሞላበታለች፤ በገብሱም ላይ አንዲት የደረቀች የጌሾ ዘለላ ታስቀምጣለች። ተሸክሜ የማደርሰው እኔ ነኝ። ዘለላዋን ሳይ እናቴ ነገሩን አለመርሳቷ ደስ ይለኛል። ስድብ ነዋ፤ «ያደረግሽውን እናውቃለን» ማለት ነዋ።

አሰጋሽ ማሰሮውን ከፍታ ዘለላዋን ታያለች። ብቻዋን ትስቃለች። ከዚያ ከመደቧ በላይ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትሰካታለች። የሰደቧትን ሰቅላ የምትኖር ሴት። ስድብ እንኳ አይገባትም እያልኩ ተናድጄ እመለሳለሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ነው የጠየቅኋት። እኔም ያኔ የልጅ አባት ሆኛለሁ። እርጅና ከመደቡ አላስነሣትም። ግድግዳዋ ከዳር እስከ ዳር ጌሾ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሲነኩ ዱቄት ይሆናሉ።

«አክስቴ፣ ለምንድነው ያን ጠላ ያበላሹት?»

«አሁንም ዘበኛ ነህ?» አለችኝ። «እስቲ ልጠይቅህ። ያን ቀን ከጋኑ እጄን ሳወጣ የያዝኩት ጌሾ ደረቅ ነበር እርጥብ?»

«እርጥብ። በክርንዎ ይወርድ ነበር።»

«ሰው ጋን ውስጥ የሚጨምረው ጌሾ ደረቅ ነው እርጥብ?»

ደጅ በግ ይጮኻል። ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

«እየለቀምኩ ላወጣው ነበር» አለች። «እናትህ ስትመጣ መለስኩት።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«እናትህ የምታድረው ከንጉሡ ጋር ነው። እኔ የራሴ ቤት አለኝ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገራችሁኝም? ያን ሁሉ ዓመት?»

«አንተማ ምስክራችን ነህ። ምስክር ያየውን ይናገራል። የሚያውቅ ምስክር አፉ ይተሳሰራል።» ሳቀች። «ደግሞ ጥሩ መሰከርክ። መሬት የወደቀችውን እንኳ አልረሳህም።»

በምን እንደተናደድኩ ለይቼ አላውቅም። በሷ፣ በእናቴ፣ በራሕማ፣ ፊቷን በታጠበችው በየሺ። አራት ሴቶች አንድ ጋን ከበው ቆመው፣ እኔ ጅራፍ ይዤ ድመት አባርር ነበር። ለእናቴ ሄጄ ስጮህባት «አልጠየቅኸኝማ» አለችኝ። እግዜር ያሳያችሁ።

ለአሰጋሽ ተዝካር ጠላውን የጠመቀችው እናቴ ናት። ሰው ሁሉ ጠጥቶ አመሰገነ። «የጌሾዋ ተዝካር ጠላ ግን ልኩን ያውቃል» አለ አንዱ። እናቴ ዋንጫውን ከእጁ ተቀበለችው። ሳይጨርስ።

ወደ ቤት ተመልሼ ገባሁ። ብዙአየሁ አሁንም ስለ በርሜሉ ያወራል። ሙቀት ይላል፣ ሽታ ይላል። የሺ ምስሯን ትለቅማለች፤ ድንጋይ ስታገኝ ጥግ ታስቀምጠዋለች።

«እሺ እማማ፣ በእናንተ ጊዜ ቢሆን» አላት፣ እሷን ለማስደሰት ብሎ፣ «እየፈላ እያለ ደረቅ ጌሾ ብትጨምሪበት፣ መጠኑ ምን ያህል ይሆን ነበር?»

እህቴ እጇ ቆመ። እኔን አየችኝ። ከዚያ እሱን።

«የሚመጣው እንግዳ ማነው?» አለችው።